ከፊኒክስ ቧንቧ እስከ ሆፒ ምንጭ

ሐምሌ ላይ ፊኒክስ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። የቀዝቃዛውን ቧንቧ ትከፍታላችሁ፤ የሚወርደው ግን ለብ ያለ ውሃ ነው። ቀዝቀዝ እስኪል ትንሽ ትጠብቃላችሁ። ውሃው ይፈሳል፣ ይፈሳል። ማንም አይደነግጥም። በረሃ መሃል፣ ሙቀቱ 45 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ፣ ውሃ እንደልብ ነው።

ከየት ነው የሚመጣው? አሪዞና ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ይህ ጥያቄ በመካከላችን ሲነሳ ግን እምብዛም አልሰማሁም። ከውሃው ትልቅ ድርሻ ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ነው። 540 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቦይ ይጓዛል። ቱሳን እስኪደርስ ድረስ ወደ 880 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋል። ውሃ በራሱ ዳገት አይወጣም። የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ያ መብራት በአብዛኛው የመጣው በሰሜን አሪዞና፣ ፔጅ ከምትባል ከተማ አጠገብ ከነበረ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ነው። ከሰሉ የተቆፈረው ብላክ ሜሳ ከሚባል ሰፊ ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ሆፒ የሚባል ሕዝብ ይኖራል።

ከሰሉ በሚቆፈርበት በዚያው ስፍራ ውሃም ይሳብ ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ውሃ ነው። ስለ ሆፒ ምንጮችና እነሱን ለመጠበቅ ስለተደረገው ረጅም ትግልም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አገሩን እንየው። ሆፒዎች የሚኖሩት በሦስት አምባዎች አናትና ግርጌ ነው። ፈረንጆቹ "ሜሳ" የሚሉት እኛ አምባ የምንለውን ነው። ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ። 12 መንደሮች አሏቸው። ከእነሱ አንዷ ኦራይቢ ከ1100ዎቹ ጀምሮ ሰው ተለይቷት አያውቅም። ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ በሚባለው ምድር ላይ ያለማቋረጥ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ናት። የሆፒ መሬት ዙሪያውን በናቫሆ ሕዝብ መሬት የተከበበ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛው እርሻ መስኖ የለውም። በዚህ ላይ በቆሎ ያመርታሉ። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ በቆሎ።

እንዴት? ገበሬው በመትከያ እንጨት አሸዋውን ይቆፍራል። እርጥበት እስኪያገኝ ድረስ ይወርዳል። 30 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በአንዱ ጉድጓድ አሥር ያህል ፍሬ ይጨምራል፤ ወፍና ትል የሚበላውን አስቦ። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ብዙ እርምጃ ይተዋል፤ ተክሎቹ በውሃ እንዳይሻሙ። በብርዱ ወራት የወረደው በረዶ ቀልጦ የተወው እርጥበት እዚያ ታች አለ። ዘሩም ለዚሁ ሲመረጥ ሲመረጥ የመጣ ነው። ከዚያ ጥልቀት ቡቃያውን ገፍቶ ወደ ብርሃን ያወጣል። ከገበያ የተገዛ የበቆሎ ዘር እዚያ ብትቀብሩት ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ይቀራል።

ይህ የእርሻ ብልሃት ብቻ ተደርጎ እንዳይታሰብ። ሆፒዎች አባቶቻችን ወደዚህ ዓለም ሲወጡ ማሳው ከሚባል የምድሪቱ ጠባቂ ጋር ተገናኙ ይላሉ። ማሳው የሰጣቸው የመትከያ እንጨት፣ የዘር ከረጢትና ውሃ የያዘ ቅል ነበር። ኑሮው ከባድ እንደሚሆን ነገራቸው። እነሱም እሺ ብለው ተቀበሉ። ምድሪቱን ሊንከባከቧት ቃል ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ፣ ክሱንም፣ ሩጫውንም፣ ድርድሩንም የምረዳው በዚህች ቅል በኩል ነው። ውሃ ለሆፒ ከመብት በፊት አደራ ነው።

አሁን ወደ ምንጮቹ። በሆፒ ቋንቋ ፓሁ ሲባል ውሃም ነው፣ ምንጭም ነው። አምባዎቹ አሸዋማ ድንጋይ ናቸው። ዝናብና በረዶ ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። ወደ ታች እየወረደ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ድንጋይ ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። ያኔ ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ሥር ይፈልቃል። መንደሮቹ አሁን ያሉበት ቦታ ላይ ያሉትም በእነዚህ ምንጮች ምክንያት ነው። ሞኤንኮፒ የሚለው የመንደር ስም ራሱ ውሃ የሚፈስበት ቦታ ማለት ነው። ሆትቪላና ባካቪ በሚባሉት መንደሮች ደግሞ ከምንጩ በታች ያለው ዳገት በእርከን ተሠርቷል። ሴቶች በትንንሽ መደቦች ላይ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ባቄላ ያለማሉ። ውሃው በገንዳ ይጠራቀምና በተራ ይታደላል።

ምንጭ ይጠረጋል። አሸዋ ይሞላዋል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ድንጋዩ ይናዳል። መንደሩ ወጥቶ በደቦ ያጸዳዋል። በየምንጩ ላይ ኃላፊነት ያላቸው ጎሳዎች አሉ። ምንጩ ዘንድ ጸሎት ይደረጋል፣ ስጦታ ይቀመጣል። ፓሎሎቃንግ የሚሉት ታላቅ የውሃ እባብ በምንጮቹ ውስጥ ይኖራል ብለው ያምናሉ፤ ምንጭ የተበደለ እንደሆነ እሱም ይሄዳል።

የእኛ ሰው የተቀደሰ ምንጭ ሲባል ቶሎ የሚታየው ጸበል ነው። መመሳሰል አለው፤ አልክድም። ሆፒዎች ጋ ግን የሚፈወሰው ሰው ብቻ አይደለም። የሚጸለየው ለዝናቡ፣ ለበቆሎው፣ ለእንስሳው፣ ለሌላው ዓለም ጭምር ነው። ካትሲና የሚባሉ መናፍስት በየዓመቱ ወደ መንደሮቹ መጥተው ሐምሌ ላይ ይሸኛሉ። ከእነሱ ጋር ዝናብ ይመጣል። መኖሪያቸው ከፍላግስታፍ ከተማ አጠገብ ያሉት ሳን ፍራንሲስኮ የሚባሉ ተራሮች ናቸው። ከዚህ በላይ ስለ ሥርዓቱ አልጽፍም። ሆፒዎች ብዙውን ነገር ለራሳቸው ጠብቀው መያዝ ይፈልጋሉ፤ ይህን ማክበር ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ታሪክ አይገባም። እያንዳንዱ የሆፒ መንደር ራሱን የቻለ ነው። መሪው ኪክሞንግዊ ይባላል። ሥራው ማዘዝ ሳይሆን ለሕዝቡ መጸለይ፣ መሬቱንና ሥርዓቱን መጠበቅ ነው። በ1936 ግን በፌዴራሉ መንግሥት ግፊት ሕገ መንግሥት ተጻፈና የሆፒ ምክር ቤት ተቋቋመ። ሊቀመንበር፣ ምርጫ፣ ውል የመፈረም ሥልጣን ያለው። አንዳንድ መንደሮች ይህን ምክር ቤት ለዓመታት አልተቀበሉትም። እናም የሆፒ መሪ ማነው የሚለው ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት መልስ አለው።

የውሃው ውልስ?

በ1960ዎቹ ፒቦዲ የተባለው የከሰል ኩባንያ ብላክ ሜሳ ላይ ለመቆፈር ፈለገ። በ1964 ከናቫሆ ጋር ተፈራረመ። በ1966 ደግሞ ሆፒና ናቫሆ በጋራ በሚጠቀሙበት መሬት ላይ ውል ፈረመ። በሆፒ በኩል የፈረመው ምክር ቤቱ ነው። ብዙ የመንደር ሽማግሌዎች ጉዳዩን የሰሙት ቁፋሮው ሊጀመር ሲል ነው። የሆፒ ምክር ቤት ጠበቃ በዚያው ዘመን ለፒቦዲም ይሠራ እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ የተገኙ ሰነዶች አሳይተዋል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሰው የራሱን ጠበቃ ካላመነ ማንን ያምናል?

የከሰሉ አንዱ ክፍል ኔቫዳ ውስጥ ላፍሊን አጠገብ ወዳለው የሞሃቪ ማመንጫ መሄድ ነበረበት። ርቀቱ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባቡር ሊሄድ ይችል ነበር። የተመረጠው ግን ሌላ ዘዴ ነው። ከሰሉ ይፈጫል። ከውሃ ጋር እንደ አጥሚት ይበጠበጣል። ከዚያ በቱቦ ይለቀቃል። ማመንጫው ጋ ሲደርስ ውሃው ተጨምቆ ይወጣና ከሰሉ ይነዳል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ የሚሠራ የከሰል ቱቦ ሌላ አልነበረም።

ውሃው የመጣው ከብላክ ሜሳ ሥር ካለው ከናቫሆ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ባለሙያዎች በአጭሩ "ኤን" የሚሉት የከርሰ ምድር ውሃ። እጅግ ንጹሕ ከመሆኑ የተነሳ ብዙው ሳይጣራ ይጠጣል። ዕድሜው ደግሞ የትየለሌ ነው። በጥልቁ ያለው ውሃ ወደ መሬት የሰረገው በበረዶ ዘመን ነው፤ ከ10,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚህ ውሃ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ሊትር በላይ ተሳበ። ከ1970 ጀምሮ ለ35 ዓመት። ከሰል ለማጓጓዝ።

ዋጋው ስንት ነበር? በመጀመሪያው ውል 1 ሚሊዮን 233 ሺህ ሊትር ውሃ በ1 ዶላር ከ67 ሳንቲም። ደግማችሁ አንብቡት። በዚያ ገንዘብ ዛሬ አንድ ጠርሙስ የታሸገ ውሃ መግዛት ይከብዳል። በ1987 ውሉ እንደገና ታይቶ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ፓምፑ ግን አልቆመም።

ቀጥሎ ያለው የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። ኩባንያው ለዓመታት ያቀረበው መከራከሪያ እንዲህ ነበር፦ ከሥር ያለው ውሃ እጅግ ብዙ ነው፤ እኛ የምንወስደው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ያሳምናል። ታዲያ ሆፒዎች ለምን ይጮሃሉ?

ቤታችሁ ጣራ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡት። ሮቶው ሙሉ ሲሆን ሻወሩ ጥሩ ይወርዳል። ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ግፊቱ ይደክማል። ሮቶው ውስጥ ገና ብዙ ውሃ አለ፤ እናንተ ግን ሳሙና ተቀብታችሁ ቆማችኋል። ብላክ ሜሳ ሥር ያለው ውሃም በብዛት የታፈነ ነው። ከላዩ ውሃ የማያሳልፍ የድንጋይ ንብርብር ተጭኖታል። ስለዚህ በግፊት ውስጥ ነው። ከመሃል ስትስቡ መጀመሪያ የሚወርደው ግፊቱ ነው። ዳር ላይ ያሉ ምንጮችና ጉድጓዶች የሚኖሩት ደግሞ በጠቅላላው ብዛት ሳይሆን ጫፉ ላይ በሚደርሰው ውሃ ነው።

የተለካ ነገር አለ። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚያ አካባቢ የጉድጓድ ከፍታና የምንጭ ፍሰት ይመዘግባል። በታፈነው ክፍል ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች የውሃው ከፍታ ከ30 ሜትር በላይ ወርዷል። ሞኤንኮፒ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለው ምንጭ ፍሰቱ እየቀነሰ መምጣቱም ተመዝግቧል።

ግን እውነቱን ሙሉ እናስቀምጠው። ምንጮች ሁሉ ከአንድ ውሃ አይጠጡም። ቅድም የነገርኳችሁ ከአምባዎቹ ገደል ሥር የሚፈልቁት ብዙዎቹ የሚመገቡት ከላይኛው ድንጋይ ነው፤ ኩባንያው ከሚስበው ጥልቅ ውሃ አይደለም። ሞኤንኮፒ ያለው ምንጭ ከማዕድኑ ይርቃል፤ አጠገቡ ያለችው ቱባ ሲቲ የምትባለው ከተማም ውሃ ትስባለች። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ድርቁ አልለቀቀም። ስለዚህ ለዚህኛው ምንጭ መድከም ተጠያቂው ይህ ነው ብሎ ለመፍረድ ቀላል አይደለም። ክርክሩ ዓመታት የፈጀውም በዚህ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ የሆፒ ሽማግሌዎች አቋም ነው፦ ዝናብ በሌለበት አገር፣ ተመልሶ ለመሙላት ሺህ ዓመታት የሚፈጅ ንጹሕ ውሃ ከሰል ለማጓጓዝ መዋል የለበትም። ይህን ለማለት የትኛው ምንጭ በስንት ሊትር ቀነሰ የሚለውን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሽማግሌዎቹ ዝም አላሉም። በ1971 የመንደር መሪዎችና ሌሎች ባህላዊ ሆፒዎች ውሉ እንዲሰረዝ ፍርድ ቤት ሄዱ። ምድሪቱ አደራ ናት፣ ልትቆፈር አይገባም አሉ። በ1975 ክሱ ተዘጋ። ስለ ምድሪቱም ስለ ውሃውም ተነጋግሮ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ያለው የሆፒ ምክር ቤት ካልተከሰሰ ጉዳዩን ማየት አይቻልም፤ ምክር ቤቱ ደግሞ እንደ መንግሥት ከመከሰስ የተጠበቀ ነው የሚል ነበር። በሁለቱ መሪነቶች መካከል ያለው ስንጥቅ ክሱን ዋጠው።

ስንጥቁን ለመግጠም ከሞከሩት አንዱ ቨርነን ማሳዬስቫ ናቸው። የሆትቪላ ሰው፣ በሙያቸው መምህር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆፒ ምክር ቤት ሊቀመንበር ነበሩ። በወንበሩ ሳሉ ከሰሉ በሌላ መንገድ ይጓጓዝ፣ ውሃችንን ተዉልን ብለው ዋሽንግተን ድረስ ተከራከሩ። ከወንበሩ ከወረዱ በኋላም አላረፉም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብላክ ሜሳ ትረስት የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ የሽማግሌውን ትምህርትና የሳይንቲስቱን ሠንጠረዥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ነው። በአንድ በኩል ቃል ኪዳኑ፣ በሌላ በኩል የጉድጓድ ልኬቱ።

ታኅሣሥ 31 ቀን 2005 የሞሃቪ ማመንጫ ቆመ። የአየር ብክለቱን እንዲያስተካክል በፍርድ ቤት ስምምነት የተሰጠው ጊዜ አለቀ፤ የውሃና የከሰል አቅርቦቱም እልባት አላገኘም ነበር። ቱቦው ደረቀ። ኩባንያው የሚስበው ውሃ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በታች በጣም ወረደ።

ከዚያ በጣም የምወደው ነገር ሆነ። በመጋቢት 2006 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ዓለም አቀፍ የውሃ ጉባኤ ነበር። ሆፒዎች በአውሮፕላን ተወካይ ልከው ሊበቃቸው ይችል ነበር። ሮጠው ሄዱ። እየተቀባበሉ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በቅል ውሃ ይዘው። በየመንገዱ ያሉ ነባር ሕዝቦች ከየምንጮቻቸው ውሃ እየጨመሩላቸው።

ሩጫ ለሆፒ ጸሎት ነው። ሯጩ የሚሮጠው ደመናው እንዲመጣ፣ ውሃው በሸለቆው እንዲወርድ ነው። ከሁለተኛው አምባ የወጣው ሉዊስ ተዋኒማ በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ አግኝቷል። የአሜሪካ መንግሥት በወጣትነቱ ከመንደሩ ነጥቆ ፔንሲልቬኒያ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባው ሰው ነው። ከእሱ በኋላ በዚያ ርቀት አንድም አሜሪካዊ ለ52 ዓመት ሜዳልያ አላገኘም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ያንን የሰበረው ቢሊ ሚልስ ነው፤ እሱም የነባር ሕዝብ ልጅ፣ ላኮታ። በዚያ ውድድር 4ኛ የወጣው የእኛው ማሞ ወልዴ ነበር። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያመጣውም በዚያው ኦሊምፒክ ነው።

ዛሬም በየዓመቱ መስከረም ላይ በመጀመሪያው አምባ ፓቱዋቃጺ የሚባል ሩጫ አለ። ትርጉሙ ውሃ ሕይወት ነው። ከ2003 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን ረጅሙ 50 ኪሎ ሜትር ነው። የጀመሩት የዋልፒ ሰው የሆኑት በኪ ፕሬስተን ናቸው። መንገዱ በአሮጌ የሆፒ መሄጃዎች፣ በምንጮች አጠገብ ያልፋል።

አሁን ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ። ከሰሉ ለሆፒ ምክር ቤት ገንዘብ ያመጣ ነበር። ያውም ጥቂት አይደለም። ከምክር ቤቱ በጀት 80 በመቶ አካባቢ የሚሆነው ከዚሁ ነበር። ደመወዝ፣ የሽማግሌዎች እንክብካቤ፣ የተማሪዎች ድጋፍ። የፔጁ ማመንጫና ለእሱ ከሰል ያቀርብ የነበረው ማዕድን በ2019 ሲዘጉ ገቢው ተቆረጠ። የተለቀቁ ሠራተኞች አሉ። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ፊኒክስ የወረዱባቸው ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ ከሰሉ ይቀጥል ያለ ሆፒ ሁሉ ምንጩን የካደ አድርጎ ማየት ትክክል አይደለም። ቤተሰብ የሚመግብ ሰው ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አባት ማዕድን ሲሠራ አያት ስለ ውሃው ትጸልይ ነበር። በረከሰ ዋጋ የተሸጠው ውሃ ያስከተለው ሌላው ጉዳት ይህ ነው፤ ሰዎቹን እርስ በርስ ማነካካቱ።

የመብቱ ክርክርስ? በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዊንተርስ ጉዳይ ላይ ለነባር ሕዝቦች መሬት ሲከለል ለኑሮ የሚበቃ ውሃም አብሮ እንደተያዘላቸው ወሰነ። ጥሩ ነው። ችግሩ ስንት ሊትር፣ ከየት የሚለው አልተጻፈም። የትንሹ ኮሎራዶ ወንዝ ተፋሰስ ክርክር በአሪዞና ፍርድ ቤት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። በ2012 ሁለት የአሪዞና ሴናተሮች ስምምነት አቀረቡ፤ ሆፒም ናቫሆም ውድቅ አደረጉት። መብታችንን ብዙ አሳልፎ የሚሰጥ ነው አሉ።

በግንቦት 2024 ግን አዲስ ስምምነት ጸደቀ። ሆፒ፣ ናቫሆና ሳን ዋን ደቡባዊ ፓዩት የተባለ ሦስተኛ ሕዝብ ተስማሙ። ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የፌዴራል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የጋራው የከርሰ ምድር ውሃም እንዴት እንደሚጠበቅ ይወስናል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ የሆፒ መሬት በናቫሆ የተከበበ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች በመሬት ይገባኛል ለአሥርተ ዓመታት ተካሰዋል። ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለዋል። አሁን ዋናው ቧንቧ በስምምነቱ ላይ የተሰጠው ስም ግማሹ በናቫሆኛ፣ ግማሹ በሆፒኛ ነው። የሆፒው ግማሽ ያ የሩጫው ስም ነው፤ ፓቱዋቃጺ። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያስፈልገው ሕግ በ2024 ለኮንግረስ ቀርቦ ሳያልፍ ቀረ። በ2025 እንደገና ቀረበ።

ሁሉም ክርክር በድል አላበቃም። በሳን ፍራንሲስኮ ተራሮች ላይ ያለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ከተጣራ ፍሳሽ ሰው ሠራሽ በረዶ ሊሠራ ሲነሳ ሆፒና ሌሎች ሕዝቦች ተቃወሙ። የካትሲናዎቹ ቤት፣ የዝናቡ መነሻ ላይ ነዋ። በ2008 በፌዴራል ይግባኝ ተሸነፉ። ሆፒ ለብቻው በአሪዞና ፍርድ ቤት ቀጠለ፤ በ2018 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ፈረደለት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። በረዶው ዛሬም ይረጫል።

ሌላ ቦታ ተሳካ። በትንሹ ኮሎራዶ ወንዝ ገደል ውስጥ ሲፓፑኒ የሚባል ምንጭ አለ። ሆፒዎች ወደዚህ ዓለም የወጣንበት በር ነው ይላሉ። አንድ ኩባንያ በዚያ ሸለቆ አካባቢ ግድቦች ሠርቶ መብራት ለማጠራቀም ፈቃድ ጠየቀ። መሬቱ የናቫሆ ነው፤ ናቫሆም ተቃወመ፣ ሆፒም ተቃወመ። በ2024 የፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የመጨረሻውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ።

ስለ መጠጥ ውሃም አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አምባ ያሉ መንደሮች ለብዙ ዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ከሕጋዊው ወሰን በላይ አርሰኒክ ነበረበት። ወሰኑ በአንድ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። አርሰኒኩ ከድንጋዩ በተፈጥሮ የሚገባ ነው። ሆፒዎች ሌላ ቦታ ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍረው ንጹሑን ውሃ በረጅም ቧንቧ ወደ መንደሮቹ አመጡ። ገንዘቡን ማሰባሰብ ብቻ ዓመታት ፈጀ። ለፊኒክስ የሚሄድ ውሃ ተራራ ሲወጣ፣ ለሆፒ ሕፃን የሚሆን ንጹሕ ብርጭቆ ውሃ ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

ከ2006 በኋላ፣ ፓምፑ ሲቀንስ፣ በታፈነው ክፍል ያሉ አንዳንድ የመለኪያ ጉድጓዶች ውሃቸው ወደ ላይ መመለስ ጀምሯል። ይህ ተመዝግቧል። ሽማግሌዎቹ ከ1971 ጀምሮ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። የሞኤንኮፒ ትምህርት ቤት ምንጭ ግን ከዚያ በኋላ በወጡት መዝገቦችም ፍሰቱ እየቀነሰ ነው። ለኪዎቹ በየጊዜው እየመጡ ይለኩታል። ከምንጩ በታች ያለው እርሻ ደግሞ በየዓመቱ ይዘራል።